የሙኒክ ቢራ፡ የስም ጥበቃና የአነስተኛ ጠማቂዎች ጥያቄ

በጀርመን የባቫሪያ ክልል ርዕሰ ከተማ በሆነችው ሙኒክ በየዓመቱ በመስከረም ወር የሚከፈተው የኦክቶበርፌስት በዓል በዓለም ላይ ከሚካሄዱ ሕዝባዊ በዓላት መካከል በስፋቱ ቀዳሚውን ስፍራ ከሚይዙት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ በ2024 በተካሄደው በዓል ላይ 6 ነጥብ 7 ሚሊዮን ያህል ጎብኚዎች ተገኝተው ወደ 7 ሚሊዮን ሊትር የሚጠጋ ቢራ መጠጣቱን አዘጋጆቹ አስታውቀዋል። ከተማዋ በዓሉ በ2019 ያስገኘውን ኢኮኖሚያዊ ጥቅም 1 ነጥብ 23 ቢሊዮን ዩሮ አድርሳ ገምታዋለች።

በዓሉ የሚካሄድበት ቴሬዚየንቪዘ የተሰኘው ሜዳ የከተማው ሀብት ሲሆን፣ በዓሉን የሚያስተዳድረውም ማዘጋጃ ቤቱ ነው። በድንኳኖቹ ውስጥ ቢራ ማቅረብ የሚችሉት ግን በከተማው ደንብ ስማቸው የተዘረዘረ ስድስት ጠማቂዎች ብቻ ናቸው። እነርሱም አውጉስቲነር፣ ሃከር ፕሾር፣ ሆፍብሮይ፣ ሎቨንብሮይ፣ ፓውላነርና ሽፓተን ናቸው። በአንድ የሕዝብ ሜዳ ላይ የሚገኝ ይህን ያህል ገበያ ለስድስት ድርጅቶች ብቻ ተለይቶ የሚሰጠው በምን መመዘኛ ነው? ጥያቄው ከቢራ አልፎ የመንግሥት አስተዳደርን የሚመለከት በመሆኑ በቅርበት ሊታይ የሚገባው ነው።

የሙኒክ ጠመቃ ከጥንት ጀምሮ በወቅትና በሕግ የተወሰነ ሥራ ነበር። የባቫሪያው መስፍን አልብሬክት አራተኛ በ1487 ለሙኒክ ባወጡት ድንጋጌ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕና ከውኃ በስተቀር ሌላ ነገር እንዳይገባበት ታዝዞ ነበር። ሆፕ ለቢራ መራራ ጣዕም የሚሰጥና ከመበላሸት የሚጠብቅ ተክል ሲሆን፣ ጌሾ ለጠላ የሚሰጠውን ዓይነት አገልግሎት ይሰጣል። ድንጋጌው በ1516 በመላው ባቫሪያ እንዲሠራበት ተደርጓል። በዚያው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የወጣ ሌላ ትእዛዝ ደግሞ ጠመቃ የሚፈቀደው ከሴፕቴምበር 29 የቅዱስ ሚካኤል ቀን አንሥቶ እስከ ኤፕሪል 23 የቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን ድረስ ብቻ እንዲሆን ወሰነ። በበጋ ሙቀት የሚጠመቅ ቢራ ቶሎ ስለሚበላሽና የጠማቂዎች እሳት ለከተማው ቤቶች የቃጠሎ ሥጋት ስለነበረ ነው። በኢትዮጵያ ሚያዝያ 23 ቀን የሚከበረው ጊዮርጊስ በባቫሪያ የጠማቂው ምድጃ የሚጠፋበት ቀን ነበር ማለት ነው።

በመጋቢት ጠንከር ተደርጎ ተጠምቆ በምድር ቤት የሚቀመጠው ቢራ የበጋውን ወራት ያሻግር ነበር። አዲሱ የጠመቃ ወቅት ከመግባቱ በፊት የቀረው ይጠጣ ስለነበር፣ በመከር መግቢያ ላይ ቢራ በብዛት የሚቀርብበት ልማድ ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የኦክቶበርፌስት አጀማመር ግን ከልዑል ሉድቪግ ሠርግ የመነጨ ነው። ልዑሉ ኦክቶበር 12 ቀን 1810 ልዕልት ቴሬዘን ባገቡ ጊዜ ለክብራቸው የፈረስ ውድድር የተካሄደበት ሜዳ በሙሽራይቱ ስም ተሰይሟል። የበጋው እገዳ በ1850 የተነሣ ሲሆን፣ በ1870ዎቹ ካርል ፎን ሊንደ የተባሉት መሐንዲስ የማቀዝቀዣ መሣሪያቸውን በሙኒኩ የሽፓተን ፋብሪካ ከሞከሩ በኋላ ወቅት መጠበቅ የቴክኒክ ግዴታ መሆኑ ቀርቷል።

ያም ሆኖ የወቅት ቢራ ልማድ አልጠፋም። በዐቢይ ጾም ወራት ስታርክቢር የሚባለው ጠንካራ ቢራ፣ በግንቦት ማይቦክ፣ በመስከረም የኦክቶበርፌስት ቢራ፣ በገና ሰሞንም የበዓሉ ቢራ በየተራ ይቀርባሉ። በኢትዮጵያ ጾም ሲገባ ብዙ ምእመናን ከመጠጥ የሚርቁ በመሆኑ የጾም ቢራ የሚለው አነጋገር እንግዳ ሊመስል ይችላል። የፓውላነር ገዳም መነኮሳት ግን ከምግብ ተከልክለው በሚቆዩባቸው ቀናት ብርታት የሚሰጣቸውን ወፍራም ቢራ ይጠምቁ ነበር። ይህ ቢራ ሳልቫቶር በሚል ስም እየታወቀ ሲሄድ የከተማው ሌሎች ጠማቂዎችም ስሙን ለራሳቸው ምርት መጠቀም ጀመሩ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፓውላነር ስሙን በንግድ ምልክትነት ካስመዘገበ በኋላ የተቀሩት ሌላ ስም ለመፈለግ ተገደዱ። አውጉስቲነር ማክሲማቶር፣ ሎቨንብሮይ ትሪዩምፋቶር፣ ሽፓተን ኦፕቲማቶር የሚሉትን ስሞች ያወጡት በዚህ ምክንያት ነው። የስሙ መጨረሻ ብቻ የጋራ ሆኖ ቀረ። ስም በሕግ ሲጠበቅ ተፎካካሪው አዲስ ስም እንጂ ከገበያ መውጣትን እንዳልመረጠ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የከተማው ስም ጥበቃ ከዚህ የተለየ ነው። ሳልቫቶር የአንድ ድርጅት ሲሆን፣ የሙኒክ ቢራ የሚለው ስያሜ ግን የቦታ ስም ነው። የአውሮፓ ኅብረት ስያሜውን በ1998 በመልክዓ ምድራዊ አመልካችነት መዝግቦ ጥበቃ አድርጎለታል። በ2022 ደግሞ የኦክቶበርፌስት ቢራ የሚለው ስያሜ ተመሳሳይ ጥበቃ አግኝቷል። በዚህ መሠረት በስሙ ለመጠቀም የሚፈልግ ጠማቂ ቢራውን በከተማው ክልል ውስጥ፣ ከከተማው ከርሠ ምድር በሚወጣ ውኃ መጥመቅ ይኖርበታል። ጥበቃው የተጀመረበትን ሁኔታ ለመረዳት የአውሮፓ ፍርድ ቤት ማርች 12 ቀን 1987 የሰጠውን ውሳኔ ማስታወስ ይጠቅማል። ፍርድ ቤቱ ጀርመን የጥንቱን የጥራት ሕግ ያላሟሉ የሌሎች አባል አገሮች ቢራዎች እንዳይገቡ መከልከሏ የነፃ ንግድን ድንጋጌ እንደሚጥስ ወስኗል። ከዚያ ወዲህ የጥራት ሕጉ ለጀርመን ጠማቂዎች መመሪያ ሆኖ ቢቀጥልም የውጭ ምርትን መከላከያ አጥር መሆኑ አብቅቷል። የቦታ ስም ጥበቃ አስፈላጊ ሆኖ የመጣውም ይህ አጥር ከተነሣ በኋላ ነው።

ጥበቃው ቦታን እንጂ ባለቤትነትን አይመለከትም። ሽፓተንና ሎቨንብሮይ ዋና መሥሪያ ቤቱ ቤልጂየም የሚገኘው የኤቢ ኢንቤቭ ኩባንያ ንብረት ናቸው። ፓውላነርና ሃከር ፕሾር በአንድ ግሩፕ ሥር ያሉ ሲሆን፣ የኔዘርላንዱ ሃይኒከንም በግሩፑ ውስጥ ድርሻ ይዟል። ሆፍብሮይ የባቫሪያ መንግሥት ድርጅት ሲሆን፣ የአውጉስቲነር አብላጫ ድርሻ ደግሞ በአንድ የበጎ አድራጎት ተቋም እጅ ነው። በመሆኑም ስድስት የሚባሉት ጠማቂዎች በባለቤትነት ሲቆጠሩ ወደ አራት ዝቅ ይላሉ። የከተማው ነዋሪ የእኛ ቢራ ብሎ ከሚኮራባቸው አንዳንዶቹ ትርፋቸው ወደ ሌላ አገር የሚሄድ መሆኑ በከተማዋ ብዙ ያነጋገረ ጉዳይ ነው።

ከደንቡ ውጭ የቆዩት ጠማቂዎች ቅሬታ አዲስ አይደለም። የበዓሉ መነሻ የነበሩት ሙሽራ ቀጥተኛ ተወላጅ የሆኑት የባቫሪያው ልዑል ሉዊትፖልድ በካልተንበርግ የሚያስጠምቁትን ቢራ ወደ በዓሉ ለማስገባት ለዓመታት ሞክረው አልተሳካላቸውም። ካልተንበርግ ከሙኒክ ውጭ በመሆኑ የሠርጉ ባለቤት ዘር መሆን የከተማውን ደንብ አላስቀየረም። በ2011 የተቋቋመውና በአዳዲስ የቢራ ዓይነቶቹ የሚታወቀው ክሩ ሪፐብሊክም ፋብሪካው ከከተማው ወሰን አለፍ ብሎ በኡንተርሽላይስሃይም ስለሚገኝ ምርቱን የሙኒክ ቢራ ብሎ መሰየም አይችልም። እነዚህ ውሳኔዎች ለባለጉዳዮቹ ቢመሩም መመዘኛቸው በካርታ ላይ የሚታይ ነው። ማንም ሰው ወሰኑን ተመልክቶ ውጤቱን አስቀድሞ ሊያውቅ ይችላል።

አከራካሪ የሆነው የጊዚንገር ጉዳይ ነው። ድርጅቱ በ2006 በጊዚንግ ሰፈር በአንድ መኪና ማቆሚያ ቤት ውስጥ ሥራ ጀምሮ፣ በ2014 ከነዋሪዎች ባሰባሰበው ገንዘብ ጭምር በዚያው ሰፈር ወደ ሰፊ ፋብሪካና የመስተንግዶ ቤት ተዛወረ። በባቫሪያ ያልተለመዱ የወቅት ቢራዎችን እያወጣ ደንበኞችን ቢያፈራም፣ ከተማው ውስጥ እየጠመቀ የከተማውን ስም መጠቀም አልቻለም ነበር። እንቅፋቱ ውኃው ነው። የሙኒክ የቧንቧ ውኃ አብዛኛው የሚመጣው ከከተማው ወሰን ውጭ በአልፕስ ተራሮች ግርጌ ከሚገኘው የማንግፋል ሸለቆ በመሆኑ፣ ደንቡ የሚጠይቀው የከተማው ከርሠ ምድር ውኃ ሆኖ አይቆጠርም። ትላልቆቹ ጠማቂዎች የየራሳቸው ጥልቅ ጉድጓድ አላቸው።

ጊዚንገር ደንቡን በመቃወም ጊዜ ከማባከን ይልቅ ለማሟላት ወሰነ። በከተማዋ ሰሜናዊ ክፍል በገነባውና በ2020 ሥራ በጀመረው ሁለተኛ ፋብሪካው 152 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ በዚያ ውኃ የጠመቀውን ቢራ በከተማው ስም ለገበያ አቀረበ። ለአንድ አነስተኛ ድርጅት ወጪው ከባድ ነው። ሆኖም ተጨባጭ መመዘኛ በመኖሩ ሊሟላ የቻለ መሆኑን ልብ ይሏል።

የበዓሉ በር ግን በዚህ አልተከፈተም። እስከ 2024 በተካሄዱት በዓላት የቀረበው ቢራ የስድስቱ ብቻ ነበር። ምክንያቱ የበዓሉ ደንብ ከውኃና ከቦታ በተጨማሪ ጠማቂው አቅሙ የተረጋገጠና የተፈተነ፣ ባለ ልማድ የሙኒክ ጠማቂ እንዲሆን መጠየቁ ነው። የውኃው ጥልቀት በሜትር ይለካል፤ የቢራው ይዘትም በላቦራቶሪ ይመረመራል። ባለ ልማድ ለመባል ስንት ዓመት ያስፈልጋል ለሚለው ግን ደንቡ ቁጥር አላስቀመጠም። በተጨማሪም የስድስቱ ስም በቀጥታ በደንቡ ላይ መስፈሩ መመዘኛውን ወደ ስም ዝርዝር ይለውጠዋል። በሕግ አወጣጥ ረገድ የደንቡ ደካማ ጎን እዚህ ላይ ነው።

የአቅም ጥያቄው ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሚሊዮን ሊትሮች በሚቀዱበት በዓል አንድ ትልቅ ድንኳን ቢራ ቢያልቅበት ችግሩ የጸጥታ ጭምር ይሆናል። ስለሆነም የከተማው ባለሥልጣናት የተፈተነ አቅራቢ መፈለጋቸው ተገቢ ነው። ይሁንና በሜዳው ላይ ሺዎችን ከሚያስተናግዱት ድንኳኖች ሌላ ጥቂት መቶ ሰዎችን ብቻ የሚይዙ አነስተኛ ድንኳኖችም አሉ። ከ2010 ጀምሮ ደግሞ የጥንቱን ባህል የሚያሳይ ኦይደ ቪዝን የተባለ የተለየ ክፍል ተጨምሯል። የአነስተኛ ጠማቂን አቅም በአነስተኛ ድንኳን መሞከር የሚቻል በመሆኑ፣ የአቅም ክርክር ሙሉ በሙሉ ለመከልከል በቂ ምክንያት አይሆንም።

የጀርመን የቢራ ታክስ ሕግ በዚህ ረገድ የተሻለ አሠራር ያሳያል። ገቢው ለክልሎች የሚሰበሰበው ይህ ታክስ በዓመት ከ200 ሺህ ሄክቶ ሊትር በታች ለሚያመርቱ ነፃ ጠማቂዎች መጠኑን ደረጃ በደረጃ ይቀንሳል። ማን ተጠቃሚ እንደሚሆን የሚወሰነው በምርት ልክ ነው፤ የማንም ስም አልተጻፈም። ጠማቂው ሲያድግ ቅናሹ ይቀንሳል። በባቫሪያ በርካታ አነስተኛ የጠመቃ ድርጅቶች ከትላልቆቹ ጎን መቆየት ከቻሉባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው።

የቦታ ስም ጥበቃ ለኢትዮጵያም እንግዳ ጉዳይ አይደለም። መንግሥት ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የተሰኙትን የቡና ስሞች ለማስጠበቅ በ2005 በአሜሪካ ማመልከቻ ሲያቀርብ የመረጠው መንገድ የንግድ ምልክት ምዝገባ ነበር። በወቅቱ የመልክዓ ምድራዊ አመልካች ይሻላል የሚል ክርክር ከቡና ነጋዴዎች በኩል ቢቀርብም፣ የኢትዮጵያ ወገን ቡናው በሚሊዮን በሚቆጠሩ አነስተኛ አርሶ አደሮች የሚመረት በመሆኑ እያንዳንዱን ማሳ መከታተልና ማረጋገጥ ከባድ ወጪ እንደሚያስከትል አስረድቷል። ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር በ2007 ስምምነት ላይ የተደረሰውም በዚህ አቋም ነው። በሙኒክ ጥበቃው የሚያርፈው በጥቂት ፋብሪካዎች ላይ በመሆኑ ቁጥጥሩ ቀላል ነው። ነገር ግን ተጠቃሚዎቹ ጥቂት ሲሆኑ ደንቡን ለራሳቸው የማጥበብ ዝንባሌም አብሮ ይመጣል። በቡናው በኩል የማረጋገጫው ወጪ፣ በቢራው በኩል የአዲስ ገቢዎች መብት ዋናው ችግር ሆኖ መገኘቱ የስም ጥበቃ ከአምራቾቹ ብዛት ጋር ተገናዝቦ መቀረጽ እንዳለበት ያሳያል።

በበዓሉ መክፈቻ ዕለት የከተማው ከንቲባ የመጀመሪያውን በርሜል በመዶሻ ከፍተው ለባቫሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር የመጀመሪያውን ብርጭቆ ያቀርባሉ። ከንቲባ በርሜል የመክፈቱ ልማድ የተጀመረው በ1950 ነው። ከበርሜሉ ጀርባ ያለውን የጠማቂዎች ዝርዝር የመለወጥ ሥልጣንም ያለው ከንቲባው በሚመሩት ምክር ቤት እጅ ሲሆን፣ ለዚህ የፌዴራል ሕግ ወይም የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ማሻሻል አያስፈልግም።