«ስሠራ» እና «ስፈራ»

«ቅዳሜንም ስሠራ ነው የዋልኩት» አልኳቸው የአባቴን ታናሽ ወንድም ጋሼን። ሲኒያቸውን አስቀምጠው በሐዘኔታ አዩኝና «ምን ያስፈራሃል? ንገረኝ እንጂ» አሉኝ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ።

የ«ሰ» እና የ«ፈ» ድምፅ ቀጭን ነው። ዕድሜም ሆነ የፋብሪካ ጩኸት ጆሮን ሲጎዳ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚነጥቀው እንዲህ ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች ነው፤ ወፍራሞቹ ይቀራሉ። ስለዚህ «እሰማለሁ፣ እናንተ ናችሁ ጥርት አድርጋችሁ የማታወሩት» የሚሉ አዛውንት እውነታቸውን ነው። እኛ ግትርነት እንለዋለን እንጂ። ጋሼ 31 ዓመት የሠሩት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ነው። ለ8 ሰዓት ሥራ ባለሙያዎች የሚያስቀምጡት ጣሪያ 85 ዴሲቤል ነው፤ የሽመና ማሽኖች የተደረደሩበት አዳራሽ ይህን በቀላሉ ያልፋል። እዚያ ሠራተኞቹ የሚግባቡት በከንፈርና በእጅ ነበር። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅ የሚቀበሉት ጥቃቅን ሕዋሳት ደግሞ በሰው ላይ አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም።

«ታዲያ የመስሚያ መሣሪያ ለምን አያደርጉም?» ትሉኝ ይሆናል። እስቲ ቋንቋችንን እንየው። የማይሰማውንም የማያውቀውንም በአንድ ቃል «ደንቆሮ» እንላለን። አንድ ነገር ደግሞ የጠየቀንን «የደንቆሮ ለቅሶ መልሶ መላልሶ» ብለን እንሸኘዋለን። መነጽር ያደረገውን ሰው ምሁር አስመስለን እናያለን፣ ከጆሮው ጀርባ መሣሪያ ያንጠለጠለውን ግን በዚያች ቃል እንመዝነዋለን። ጋሼ እምቢ ያሉት መሣሪያውን ሳይሆን ስሙን ነበር።

እኛስ ምን አደረግን? ጮኽንባቸው። የተጎዳ ጆሮ ቀስ ያለውን ድምፅ አይሰማም፣ ከፍተኛው ግን እንደማንኛችንም ያመዋል፤ በትንሹና በትልቁ መካከል ያለው ቦታ ይጠባል። ስለዚህ አንዴ «ምን አልክ?» ይላሉ፣ አንዴ «ምን ያስጮህሃል!» ይላሉ። ሁለቱም ልክ ነው።

በመጨረሻ ልጆቻቸው አባብለው ለመስማት ምርመራ ወሰዷቸው። እኔም ተከተልኩ። ባለሙያዋ ወጣት ናት። እኛ ልንመልስላቸው አፋችንን ስንከፍት «እሳቸው ይንገሩኝ» አለችን። ከዚያ ምርመራውንም መሣሪያውንም ሳታነሳ «የማን ድምፅ ነው የናፈቀዎት?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ጋሼ ረጅም ዝም አሉ። «ደሴ ያለችው እህቴ» አሉ።

ስልክ ስትደውል «እሺ፣ ደህና ነን፣ ተመስገን» ብለው ቶሎ ለኛ የሚያቀብሉት ወሬዋ ሰልችቷቸው ይመስለን ነበር። ለካ ባለፈው ታኅሣሥ መታመሟን ስትነግራቸው የመለሱላት «ተመስገን» ነበር። ያንን ከሌላ ሰው ሰምተው ለማንም ሳይናገሩ ይዘውት ከርመዋል።

ከዚህ በኋላ መሣሪያውን ለማስለካት ማንም አላግባባቸውም። የመስማት ባለሙያ በአገራችን ጥቂት እንደሆነ፣ ሰልፉም ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ። ያም ሆኖ ያቺ ጥያቄ አንድ ደቂቃ አልፈጀችም። (የመሣሪያው ዋጋ ከአቅሙ በላይ የሆነበትን ሰው «እምቢ አለ» ማለት ግን ሌላ ነውር ነው። «አልፈልግም» የሚለው ቃል ስንት ባዶ ኪስ እንደሸፈነ እግዜር ይወቀው።) የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት እንደሚለው በዓለም ላይ መሣሪያው ሊጠቅማቸው ከሚችል 100 ሰዎች የሚጠቀሙት 17 ያህሉ ብቻ ናቸው።

«ደንቆሮ ቢሰማ ያብዳል» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው ጋሼን በመጀመሪያው ሳምንት ያያቸው ይመስለኛል። ቆሎ ሲቆረጥሙ «ራሴ ውስጥ ወፍጮ ቤት ተከፈተ» አሉ። የራሳቸው ድምፅ በርሜል ውስጥ የሚያወሩ አስመሰለባቸው። ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ተነሥተው ቆሙ። ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል፣ ነጠላ ጫማ ይንሿሿል። እኛ እነዚህን ድምፆች የማንሰማቸው አእምሯችን ስለሚጥላቸው ነው፤ የሳቸው አእምሮ ግን ለዓመታት ስላላገኛቸው መጣሉን ረስቷል። እንደገና እስኪለምድ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋል። ባለሙያዋ «መጀመሪያ ቤት ውስጥ፣ በቀን ጥቂት ሰዓት፣ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ያውሩ» ብላቸው ነበር። እሳቸው በአራተኛው ቀን አድርገውት ሰርግ ሄዱ! ማታ በመሐረብ ጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

ብዙ መሣሪያ ታሪኩ እዚያ መሳቢያ ውስጥ ያልቃል። የጋሼን ያተረፈው ሁለተኛው ቀጠሮ ነው። ባለሙያዋ አልተቆጣቻቸውም፤ ያስቸገራቸውን አንድ በአንድ አስቆጥራ ድምፁን ቀነሰችው፣ ጆሮ ውስጥ የሚገባውንም ጫፍ ቀየረችው። ለኔ ከመሣሪያው ዓይነትና ዋጋ ይልቅ መጠየቅ ያለበት «ተመልሼ የምመጣው መቼ ነው?» የሚለው ነው። ባትሪዋ የምስር ፍሬ ታህላለች፣ ሳምንት ገደማ ታገለግላለች። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ከዓይን ማራቅ ነው፣ ከተዋጠች አደገኛ ናት።

ባለፈው እሑድ ደሴ ደወሉ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ሲለጥፉት መሣሪያው ስላፏጨ፣ እንደተማሩት ትንሽ ከፍ አድርገው ያዙት። እህታቸው ለዓመታት በለመደችው ጩኸት ጀመረች። «ቀስ በይ እንጂ፣ እሰማሻለሁ» አሏት። አልቀነሰችም። ሩብ ሰዓት አወሩ። ሲጨርሱ ስልኩን አስቀምጠው ወደኔ ዞሩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እሷም ጆሮዋ ከበድ ሳይላት አይቀርም፤ አዲስ አበባ ስትመጣ እዚያች ልጅ ዘንድ ትወስዳታለህ» አሉኝ።