አዚም ያደረገባችሁ ማን ነው ስትሉ

ወገኖቼ፣ ‹‹አዚም ተደርጎብኛል፣ ጸልዩልኝ›› የሚል የጸሎት ርእስ ዘንድሮ ስንት ጊዜ ሰማችሁ? በማስተምረው የወጣቶች ክፍል ፈተና የወደቀው አዚም ነው ይላል፤ ስልኩ ላይ አፍጥጦ የሚያነጋውም አዚም ነው ይላል። ጥቅስ ሲጠየቁ ሁሉም ገላትያ 3፥1 ይላሉ። እሺ፣ ቃሉን እንየው።

ጳውሎስ የጻፈው የግሪክኛ ግስ ‹‹ባስካይኖ›› ነው። በአዲስ ኪዳን የሚገኘው እዚያች ቦታ ብቻ ነው። በዘመኑ ሰው ጆሮ በክፉ ዓይን ማየት፣ በቅናት ዓይን መጉዳት ማለት ነበር፤ እኛ አገር ‹‹ቡዳ በላው›› ከሚባለው ሩቅ አይደለም። የላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ በቦታው ‹‹ፋስኪናሬ›› የሚለውን ግስ አስገባ። ሮማውያን በልጆቻቸው አንገት ክታብ ያንጠለጥሉ የነበረው ይህንኑ ዓይን ፈርተው ነው። ዛሬ እንግሊዝኛ የምትችሉት ልብ የሚወስድ ነገር ስታዩ ‹‹ፋሲኔቲንግ›› የምትሉትም ከዚሁ ቃል የመጣ ነው፤ ክፉው ዓይን ሙገሳ ሆኖ አረፈው! የእኛ ተርጓሚዎች ‹‹አዚም›› አሉት፤ የሚያፈዝ፣ የሚያደነግዝ። ጥሩ መርጠዋል።

ነገር ግን ጳውሎስ በቃሉ ምን አደረገበት? የገላትያ ሰዎች በሌሊት ደጃቸው ላይ የተቀበረ ነገር አልነበረም። አስተማሪዎች መጡ፣ ስለ መገረዝ ሰበኩ፣ እነርሱም ወደዱት። በዓይናቸው ፊት የተሳለውን የተሰቀለውን ትተው ዓይናቸውን ሌላ ላይ ጣሉ። ጳውሎስም የአዚም መስበሪያ ጉባኤ አልጠራም፤ ዘይትም አልላከም። የማታስተውሉ ብሎ ገሠጻቸው፣ ጥያቄ በጥያቄ ላይ ደረደረ፣ አብርሃምን ጠርቶ ተከራከረ። እርሱ ለተግሣጽ ያነሣውን ቃል እናንተ ለማመካኛ ታነሡታላችሁ።

‹‹ታዲያ ሰይጣን የለም ልትለን ነው?›› አላልኩም። ‹‹ማን ነው?›› ብሎ የጠየቀው ጳውሎስ ራሱ የማንንም ስም እንዳልጠራ ግን አስተውሉ። በምዕራፍ 5 እንኳ ማንም ቢሆን ብሎ አለፈው። የእኛዎቹ ‹‹ነቢያት›› ግን ስም ይሰጣሉ። በቡዳ ስም ሸክላ ሠሪውና ብረት ቀጥቃጩ ስንት ዘመን እንደ ተገለሉ እያወቅን፣ ያንኑ ነገር ‹‹መገለጥ›› ብለን ወደ ቤተ ክርስቲያን እናስገባው?

ከመካከላችን አንዲቱን እህት አንድ አገልጋይ ‹‹አዚም ያደረገችብሽ ያሳደገችሽ አክስትሽ ናት›› አላት። ሰባት ወር ሰላምታ አቋረጠች። አክስቷ በፋሲካ ዳቦ ይዘው መጥተው በር ሳይከፈትላቸው ተመለሱ። እርሷ ውስጥ ሆና ‹‹በኢየሱስ ስም›› እያለች ትገሥጽ ነበር።

አሁን አክስቷ ታመዋል። መሄድ ትፈልጋለች፣ እግሯ ግን እንቢ ብሏታል። ቅዳሜ አብሬያት እሄዳለሁ፤ ዳቦውን ደግሞ እኛ ይዘን።