ሰዓት የመረጠው ቡድን

ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ በወንዶች ማራቶን ለኢትዮጵያ ወርቅ ያመጣው ሰው ተጠባባቂ ነበር። ይህ ነገር በደስታው መሀል ተድበስብሶ አለፈ። ታምራት ቶላ በ2024 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ሮጦ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሲሰብር አገር ጨፈረ። ውድድሩ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ሲሳይ ለማ ባይጎዳ ኖሮ ታምራት ያን ቀን እንደ ማንኛውም ሰው ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጥ ነበር። ይህን ያነሳ ጥቂት ነው። "እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው" ተባለና ተዘጋ።

እግዜርን ለቀቅ አድርጎ ወረቀቱን ማየት ይሻላል። ሲሳይ ለማ ከቫሌንሲያ 2:01:48 ይዟል። ደሬሳ ገለታ ከሴቪያ 2:03:27፣ ቀነኒሳ በቀለ ከለንደን 2:04:15። ታምራት ደግሞ ከኒውዮርክ 2:04:58። በወረቀት ከአራቱ መጨረሻ ነው። ነገር ግን ቫሌንሲያና ሴቪያ እንደ ምጣድ የተዘረጉ ከተሞች ናቸው፤ ሦስቱም ውድድሮች ላይ አሯሯጭ ይመደባል። ኒውዮርክ አሯሯጭ የለም፤ አምስት ድልድይ መውጣትና መውረድ ግን አለ፤ ታምራትም የቦታውን ክብረ ወሰን ሰብሮ ነው ያሸነፈው። የፓሪሱ ጎዳና በድምሩ 436 ሜትር ዳገት ነበረው፤ አሯሯጭም አልነበረውም። ታዲያ ፓሪስን የሚመስለው የትኛው ውድድር ነበር? ይህን ለማወቅ የስፖርት ሳይንስ ዲግሪ አያስፈልግም። ደሬሳ አምስተኛ ሆኖ በመግባቱ ምስጋና ይገባዋል። ቀነኒሳ በ42 ዓመቱ 39ኛ ወጣ፤ ለእሱ ክብር ሲባል ይህን ማራዘም አያስፈልግም።

መራጮቹ ሰዓትን የሚያምኑት ሰዓት አይዋሽም ብለው ነው። ድሮ እውነት ነበር። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2:15:16 ሲሮጥ ሰዓቱ የአበበ ነበር፤ የእግሩና የሳንባው። የአክሱም ሐውልት ሲደርስ ጥሎ የሄደውም መቼ መሄድ እንዳለበት ስላወቀ ነው። ማርሽ ቀያሪው ምሩፅ ይፍጠር በ1980 ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ የወሰደው ተቀናቃኞቹ መቼ እንደሚፈተለክ ግራ እየተጋቡ ነው። ምሩፅ ስንት ደቂቃ እንደገባ ዛሬ የሚያስታውስ የለም፤ እንዴት እንዳሸነፈ ግን ልጆቹ ሳይቀሩ ያውቃሉ።

አሁን ሰዓት የብዙ ነገር ድምር ነው። ፊት ፊት የሚመራ አሯሯጭ አለ። በመም ላይ ደግሞ ከጠርዙ የተደረደረ መብራት ከሯጩ ጋር እኩል ይሮጣል፤ ሯጩ መብራቱን እስከተከተለ ድረስ ማሰብ አይጠበቅበትም። ጆሹዋ ቼፕቴጌ በ2020 ቫሌንሲያ ላይ የቀነኒሳን 15 ዓመት የቆየ የ10 ሺህ ሜትር ክብረ ወሰን የሰበረው በዚህ መብራት ነው። በዚያው ምሽት ለተሰንበት ግደይም የጥሩነሽ ዲባባን የ5 ሺህ ሜትር ክብረ ወሰን በዚሁ መብራት ሰብራለች። ማንም አላጭበረበረም፤ ደንቡ ይፈቅዳል። ግን 2005 ላይ ብራሰልስ ውስጥ ለቀነኒሳ መብራት ያበራለት አልነበረም።

ጫማው የባሰ ነው። ውስጡ የካርቦን ንጣፍ ያለው፣ ሶሉ እንደ ስፕሪንግ የሚገፋ ጫማ ሲመጣ ክብረ ወሰኖች ተራ በተራ ወደቁ። የዓለም አትሌቲክስ የሶሉ ውፍረት ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ የወሰነው በ2020 ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። በዓመቱ ደራራ ሁሪሳ ቪየና ማራቶንን አንደኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ከዚያ ዳኞች የጫማው ሶል 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ አገኙትና ድሉ ለኬንያዊው ተሰጠ። የድሮ ዳኛ የሚያየው እግር ነበር፤ የዛሬው ዳኛ ማስመሪያ ይዞ ሶል ይለካል።

ቅርጫት ኳስ ይህን ቀድሞ አይቶታል። የአሜሪካው ሊግ በ1979 የሦስት ነጥብ መስመር አሰመረ፤ በ2004 ደግሞ ተከላካይ ኳስ የያዘውን ሰው በእጁ እየገፋ እንዳይዝ ዳኞች ጠበቅ እንዲያደርጉ ታዘዙ። ጨዋታው ከቅርጫቱ ሥር ወጥቶ ወደ ዳር ሄደ። ክለቦቹም የሚመለምሉትን ሰው ቀየሩ፤ ቁመት ብቻ መለካት ትተው ከሩቅ የሚያስቆጥር ፈለጉ። አዲስ አበባ ላይ ግን ስፖርቱ ተቀየረ፤ መስፈሪያው ያው ነው።

ሰዓትን ራሱ የዓለም አትሌቲክስ አያምነውም። የሴቶች ማራቶን ክብረ ወሰንን ለሁለት ከፍሏል፤ ከወንዶች ጋር የተሮጠና ሴቶች ብቻቸውን የሮጡት። ትዕግስት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ 2:11:53፣ በ2025 ለንደን ላይ ሴቶች ብቻ በሮጡበት 2:15:50 ገባች። ሁለቱም በየጊዜያቸው የዓለም ክብረ ወሰን ነበሩ፤ በመሀላቸው አራት ደቂቃ ገደማ አለ። ታዲያ ከሁለቱ የትኛው ነው "የትዕግስት ሰዓት"?

እሷው ፓሪስ ላይ ምን ገጠማት? የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ከአዳማ ተወላጇ ሲፈን ሀሰን ጋር በክርን ተገፋፉ፤ ሲፈን በ3 ሰከንድ ቀደመች። የኢትዮጵያ ቡድን አቤት አለ፤ አቤቱታው ውድቅ ሆነ። ገፍታለች አልገፋችም የሚለው ክርክር ለወራት ቀጠለ። ያልተነሳው ሌላ ነው፦ ሲፈን ያን መታጠፊያ የምታውቀው ከመም ነው፤ በዚያው ኦሊምፒክ 5 ሺህና 10 ሺህ ሮጣ ሁለት ነሐስ ይዛ ነው የመጣችው። ክርን ለክርን መጋፋትን በርሊን ላይ ከአሯሯጭ ኋላ ሆኖ መማር አይቻልም።

"ማጣሪያም ተሞክሮ ነበር" የሚል ይኖራል። እውነት ነው። በ2021 ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ሰበታ ላይ የ35 ኪሎ ሜትር ማጣሪያ ተደረገ። ቀነኒሳ ተቃውሞ ሳይሮጥ ቀረ። ሹራ ቂጣታ፣ ሌሊሳ ዴሲሳና ሲሳይ ለማ አለፉ፤ ሳፖሮ ላይ ሦስቱም አቋርጠው ወጡ። ይህ መራራ ነው። ግን ያ ማጣሪያ የተደረገው ኦሊምፒኩ ሦስት ወር ሲቀረው ነው፤ ሯጭ በ35 ኪሎ ሜትር ተጨምቆ በሦስት ወር ውስጥ ለሙቀት ማራቶን እንዲደርስ ተጠበቀ። የሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ነበር። ጥፋቱ የቀጠሮው እንጂ የማጣሪያው አይደለም። አሜሪካኖች ለፓሪስ ማጣሪያቸውን የካቲት ላይ፣ ስድስት ወር ቀደም ብለው ጨርሰው ነበር።

የዚህ ሁሉ ዕዳ የሚወድቀው ስሙ ገና ባልታወቀው ላይ ነው። ዱከም ላይ በ2012 ሥራ የጀመረ የቻይና ፋብሪካ ለአሜሪካ ገበያ ጫማ ሲሰፋ ኖሯል። ከዚያ አጥር ውጪ፣ ወይም ሱሉልታ ሜዳ ላይ፣ ወይም ሰበታ አስፋልት ዳር ከአይሱዙ ጋር እየተጋፋ ጎህ ሲቀድ የሚሮጠው ልጅ ግን ትዕግስት በርሊን ላይ ያደረገችውን ዓይነት ጫማ ቢመኝ 500 ዶላር ነው፤ ዛሬ ከ50 ሺህ ብር በላይ። ጫማ የሚሰጠው ስፖንሰር ነው፤ ስፖንሰር የሚያመጣው ማናጀር ነው፤ ማናጀር የሚመጣው ሰዓት ላለው ነው፤ ሰዓት የሚገኘው ደግሞ ማናጀር በሚያስገባው ውድድር ነው። ልጁ ከዚህ አዙሪት የሚወጣበት አንድ በር አለ፤ እሱም የታወቁትን ሰዎች አገር ውስጥ፣ ፊት ለፊት፣ ዳገት ላይ ማሸነፍ ነው። ማጣሪያ ሲቀር የሚዘጋው ይህ በር ነው።

ስለዚህ የሚጠየቀው ከባድ አይደለም። ሙሉ ማራቶን፣ ወራት ቀደም ብሎ፣ አሯሯጭ በሌለበት፣ መነሻው ላይ ጫማ በሚለካበት። ሁለቱ በደረጃ ይለፉ፤ ሦስተኛውን አሰልጣኞች ይምረጡ፤ ለታመመና ለተጎዳ ትልቅ አትሌት ያ በቂ ነው። ታዋቂዎቹ የአንድ ውድድር ገንዘብ ያጣሉ፤ አዎ፣ ያጣሉ። የአገር ማሊያ መልበስ የሚፈልግ በዚያ ይመዘን። የሎስ አንጀለስ 2028 ማጣሪያ ቀንና ቦታውም ሯጮቹ የውጭ ውል ከመፈረማቸው በፊት ይነገር።