ጥሪው በማን ቋንቋ ነው?

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በሰፈራችን የእድር አዳራሽ ውስጥ ስድስት ወጣቶች አንድ ላፕቶፕ ከበው አገኘኋቸው። ስድስቱም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ክረምት ሲገባ ከየግቢያቸው ይመለሱና የሰፈሩን ልጆች ሒሳብ፣ ፊዚክስና እንግሊዝኛ በነጻ ያስጠናሉ። ይህን ሲያደርጉ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። የጠሩኝ የጻፉትን ፕሮፖዛል እንዳይላቸው ነበር።

ፕሮፖዛሉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ 22 ገጽ ነው። እስከ ዘጠነኛው ገጽ ድረስ ስለ ማስጠናት አንድም ቃል አላገኘሁም። ያገኘሁት ስለ አየር ንብረት ለውጥ፣ ስለ ችግኝና የማኅበረሰብን የመቋቋም አቅም ስለ መገንባት ነው። «ችግኝ ትተክላላችሁ እንዴ?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ቆይታ ፊዚክስ የምታስጠናዋ ልጅ፣ «ጋሼ፣ የዘንድሮው የለጋሾች ጥሪ በአየር ንብረት ላይ ነው። ስለ ጥናት ብትጽፉ ገልጠውም አያዩላችሁም ተባልን» አለችኝ። ይህን ያላቸው ፕሮፖዛል በመጻፍ የሚተዳደር ሰው ነው። ገንዘቡ ከተገኘ ከመቶ አሥር እንዲወስድ ተስማምተዋል።

ልጆቹን ልቆጣቸው አልቻልኩም። ሦስት ክረምት ሙሉ ያለ ማንም እርዳታ የሠሩትን ሥራ፣ እርዳታ ሊጠይቁበት ሲሉ መደበቅ ነበረባቸው።

ሥራቸው ደግሞ የሚደበቅ አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ቁጥሩ 3.2 በመቶ ሆነ፤ በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ አለ። መሻሻል ነው። ቢሆንም በ2017ም ከመቶው ተፈታኝ ከ90 በላይ የሚሆነው ግማሹን ውጤት አላገኘም። እንዲህ ባለ ጊዜ የሰፈር ልጅ ሰብስቦ የሚያስጠና ወጣት ከማንም በፊት ድጋፍ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

የወጪ ደብተራቸውን አምጡ አልኳቸው። ማርከር፣ ፎቶ ኮፒ፣ ከሩቅ ለሚመጡ ሁለት አስጠኚዎች የታክሲ፣ ለልጆቹ ዳቦና ሻይ። ትልቁ ወጪ ፎቶ ኮፒ ነው፤ ያለፉት ዓመታት የፈተና ጥያቄዎች ለእያንዳንዱ ልጅ መባዛት አለባቸው። ዳቦው በመጀመሪያው ዓመት አልነበረም። አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ቁርስ ሳይበላ መጥቶ ጥናቱ መሃል ራሱን ስቶ ከወደቀ በኋላ ነው የተጨመረው። ሁሉም በእጅ ጽሑፍ፣ በየቀኑ ተመዝግቧል። ደረሰኞቹ በፖስታ ታሽገው ከደብተሩ የኋላ ሽፋን ጋር ተጣብቀዋል። ሥራቸውን የሚያሳየው ይህ ደብተር ነበር፤ እኔ ለጋሽ ብሆን እርዳታውን የምሰጠው እሱን አይቼ ነው።

ደብተር የሚቀበል ጥሪ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ካናዳ በኤምባሲዎቿ በኩል ለአገር ውስጥ ትንንሽ ሥራዎች የምትሰጠው ፈንድ ለእንዲህ ዓይነት ቡድኖች ቅርብ ከሆኑት አንዱ ነው፤ ማመልከቻው የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ነው። የአውሮፓ ኅብረት አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ኮንሴፕት ኖት የሚባል አጭር የሐሳብ መግለጫ፣ ቀጥሎ ሙሉ ማመልከቻ ይጠይቃል፤ የሚገባውም በኢንተርኔት ነው። ጃፓን ለአነስተኛ የማኅበረሰብ ፕሮጀክቶች የምትሰጠው ድጋፍ በአገራችን ብዙ የመማሪያ ክፍል አሠርቷል። እሱም ለግንባታና ለዕቃ የተመደበ ስለሆነ ደመወዝና የዕለት ወጪ አይሸፍንም። ገንዘቡ የዜጎቻቸው ግብር ነውና መጠንቀቃቸው ተገቢ ነው። አንድ ላይ ሲታዩ ግን በሩ የሚከፈተው ጥሩ ለጻፈ ነው፤ ጥሩ የሠራው ውጭ ይቀራል። ከመቶ አሥር የሚወስደው ጸሐፊም የተፈጠረው እዚያ በር ላይ ነው።

ልጆቹ ወረዳም ሄደው ጠይቀው ነበር። የተነገራቸው ስለ ወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ነው። ፈንዱ በአዋጅ 995/2009 በ10 ቢሊዮን ብር የተቋቋመ ነው፤ ሆኖም የሚሰጠው ብድር ነው። ነግዶ ወይም አምርቶ ለሚመልስ ወጣት የታሰበ ነው። የሰፈር ልጅ በነጻ ያስጠና ሰው ከምን አትርፎ ይመልሳል?

የሲቪል ማኅበረሰብ ሕጉም እንደ ድሮው አልያዛቸውም። አዋጅ 621/2001 በሥራ ላይ በነበረበት ጊዜ «ሰባ ሰላሳ» የሚለው ቃል የብዙ ማኅበራት ራስ ምታት ነበር። አዋጁ ከወጪ ከ30 በመቶ በላይ ለአስተዳደር እንዳይውል ይከለክል ነበር፤ ለሥልጠና የሚወጣ የትራንስፖርት ወጪ ሳይቀር ከአስተዳደር ይቆጠር ነበር። በ2011 የወጣው አዋጅ 1113 ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ ቢያወርደውም፣ ለፕሮጀክቱ ሥራ በቀጥታ የሚውለውን ወጪ ከዚያ ስሌት አውጥቶታል። ማኅበር ለመመሥረትም አምስት ሰው ይበቃል። እነዚህ ስድስት ናቸው።

የውጭውን ገንዘብ በተመለከተ ደግሞ ጊዜው ተለውጧል። በጥር 2017 አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን አገደች፤ ሰኔ 24 ቀን ደግሞ የእርዳታ ድርጅቷ ዩኤስኤይድ ሥራውን አቁሞ የቀረው ወደ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቷ ተዛወረ። በዚያ ገንዘብ ሲሠሩ የነበሩ፣ ባለሙያ ጸሐፊና የኦዲት ሪፖርት ያላቸው ድርጅቶች አሁን ወደ ትንንሾቹ ጥሪዎች እየመጡ ነው። የእድር አዳራሽ ውስጥ የተቀመጡት ስድስት ልጆች የሚወዳደሩት ከእነሱ ጋር ነው። ለዚህ ነው 22ቱን ገጽ ወደ ጎን አድርገን ከቅርብ እንጀምር ያልኳቸው።

አንድ ገጽ ተኩል በአማርኛ ጻፉ። ምን እንደሠሩ፣ ስንት ልጅ እንደመጣ፣ ምን እንዳወጡ፣ ምን እንደጎደላቸው። የእድሩ ጉባኤ እሑድ ሲሰበሰብ ፊዚክስ አስጠኚዋ ቆማ አነበበችው። ሰው ጸጥ ብሎ ሰማ። አንዲት እናት ከኋላ ሆነው፣ «ልጄ፣ ዳቦው በቀን ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ። ነገረቻቸው። «እሱን ለእኛ ለሴቶቹ ተዉልን» አሉ። እድሩ አዳራሹንና መብራቱን ለክረምቱ ሁሉ በነጻ ፈቀደ። ከ22ቱ ገጽ አንዱንም ያልተረዳ ሰው ሁሉ ያን ገጽ ተኩል ተረድቶት ነበር።

ፎቶ ኮፒው ግን ቀረ። አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ ወረቀቱን ሙሉ በሙሉ ሊሸፍን ፈቃደኛ ነበር፤ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደረሰኝ። የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 ነጋዴ ለበጎ አድራጎት ድርጅት የሰጠውን፣ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው 10 በመቶ እስኪደርስ ድረስ ተቀናሽ እንዲያደርግ ፈቅዷል። ልጆቹ ግን ያልተመዘገቡ ናቸው፤ ደረሰኝ መስጠት አይችሉም። ነጋዴው የተወሰነ ወረቀት ከኪሱ ሰጥቶ ተመለሰ። ያን ቀን ያጣነው ወረቀት የእኛው ጥፋት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ «ትንሽ ነን» እያሉ ምዝገባውን አቆይተውታል፤ እኛም ታላላቆቻቸው አልመከርናቸውም። አሁን መተዳደሪያ ደንባቸውን እየጻፉ ነው። በየሰፈሩ እንዲህ ያለ ሥራ የጀመራችሁ ወጣቶች፣ ገንዘብ ከመፈለጋችሁ በፊት ይህን ጨርሱ፤ ደንብ፣ ቃለ ጉባኤ፣ በሁለት ፊርማ የሚወጣ የባንክ ሒሳብ፣ ደረሰኝ። ሥራችሁንም በሌላ ሰው ርዕስ አትቀይሩ። ያልሠራችሁትን ጽፋችሁ ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ ችግኝ ስትተክሉ ልጆቹ ያለ አስጠኚ ይቀራሉ።

ለጋሾችን የምጠይቀው ደግሞ የሚቻል ነገር ነው። ከጥሪያችሁ ጥቂቱን ክፍል ለትንንሽ ቡድኖች ለዩት፤ ማመልከቻውም በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ ይቅረብ። አስተርጓሚ ቅጠሩ፤ ወጪው ከአንድ የሆቴል ዐውደ ጥናት አይበልጥም። ሁለት ገጽና የወጪ ደብተር ተቀበሉ። ለሕንፃ ብቻ ሳይሆን ለፎቶ ኮፒና ለዳቦም ክፈሉ። የኦዲት ሪፖርት በሌለበት ሰው ልካችሁ ሥራውን በዓይናችሁ እዩ። ባንኮቻችንንም ይህ ይመለከታቸዋል። ለማኅበራዊ ኃላፊነት የሚሰጡት ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ በትልቅ ቼክ፣ ለትልቅ ተቋም፣ ካሜራ ፊት ይሰጣል። በየቅርንጫፋቸው ዙሪያ ያለውን ሰፈር የሚያውቁት ሥራ አስኪያጆቻቸው ናቸው፤ ለእነሱ ጥቂት በጀት ቢሰጧቸው ማን ምን እየሠራ እንደሆነ ጠይቀው ለማወቅ አንድ ሳምንት አይፈጅባቸውም።

ልጆቹ አሁን ወደየግቢያቸው ተመልሰዋል። ደብተሩ ከእድሩ ጸሐፊ ዘንድ ተቀምጧል፤ ማየት ለሚፈልግ ያሳያል። ሐምሌ ሲገባ አዳራሹ እንደ ወትሮው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይከፈታል፤ ዳቦው ተገኝቷል፣ ፎቶ ኮፒው ገና ነው።