ጠገራ ብር ሳይመዘን አይሸጥ





ከአምቦ ወደ ወንጪ እየወጡ ከየቤቱ አሮጌ ዕቃ የሚገዙ ነጋዴዎች አሉ። ጠርሙስ፣ ጀሪካንና የዛገ ብረት በርካሽ ገዝቶ፣ አጥቦና ጠግኖ በትርፍ መሸጥ የሚነቀፍ ሥራ አይደለም፤ ትርፉ የድካም ዋጋ ነውና። በአዲስ አበባ ምናለሽ ተራም ብዙ ሰው በዚሁ ይተዳደራል።

የሚያሳዝነው የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነገር ነው። ገበሬው የአያቱን ብር ከሣጥን አውጥቶ፣ «ያረጀ ገንዘብ ነው» ሲሉት በተነገረው ዋጋ ይሰጣል። ተማሪዎቼ ያመጡትን አንድ ጠገራ በትምህርት ቤታችን ሚዛን ብንመዝነው 28 ግራም ያህል ሆነ፤ ከዚህም ውስጥ ከ23 ግራም በላይ የሚሆነው ንጹሕ የብር ማዕድን ነው። ይህን ገዢው ያውቃል፤ ሻጩ አያውቅም። እንዲህ ያለው ትርፍ ከድካም ሳይሆን ከባልንጀራ አለማወቅ የተገኘ ነው።

ስለዚህ የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት በገበያ ቀን የታመነ ሚዛን ቢያቆምና የማዕድኑን የዕለት ዋጋ ቢለጥፍ፣ እኛም ደመወዝተኞች በገጠር ላሉ ወላጆቻችን አስቀድመን ብንነግር፣ ነጋዴው ተገቢ ትርፉን ሳያጣ ገበሬውም የውርሱን ዋጋ ያገኛል እላለሁ።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር
ከወንጪ