ክረምታችንን ከሥሩ እናስተምር

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላል ያገራችን ሰው። ስለ ክረምት ስናስተምር ግን ሥሩን ትተን ከሌላ አገር መጽሐፍ የተቀዳውን እናነበንባለን። «ባሮሜትር ሲወርድ ወጀብ ይመጣል» እንላለን፤ ተማሪው ይጽፋል፣ ለፈተና ይሸመድዳል፣ አለቀ። ለመሆኑ ይህ አባባል ቦሌ ላይ ይሠራል ወይ?

እንደተጻፈው አይሠራም። አባባሉ የሚሠራው እንደ አውሮፓ ከምድር ወገብ በራቁ አገሮች ነው። እዚያ በብርዱ ወራት ዝቅተኛ ግፊት ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ተነሥቶ ሲያልፍ ባሮሜትሩ በብዙ ይወርዳል፤ ነፋስና ዝናብም አብሮት ይመጣል። ለምድር ወገብ በቀረበው አገራችን ግን ዘነበም አልዘነበም ግፊቱ በየቀኑ ረፋድ 4 ሰዓት ገደማ ከፍ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ ይላል። በጥር ፀሐይም ያው ነው። መጽሐፉ «መደበኛ» የሚለው 1013 ሚሊባርም የባሕር ጠለል ግፊት ነው፤ ከ2300 ሜትር በላይ ባለችው ቦሌ ያለው የዚያ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ታዲያ አንድ ንቁ ተማሪ «በየቀኑ ይወርዳል፤ ዝናቡ የታለ?» ብሎ ቢጠይቀን ምን ልንመልስለት ነው?

ይህ ሲባል ግፊትና ክረምታችን አይገናኙም ማለት አይደለም። እንዲያውም የክረምታችን ሥር ግፊት ነው፤ ግን ሥሩ ያለው ሩቅ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ከምድር ወገብ በስተደቡብ፣ በአትላንቲክ በቅድስት ሄለና ደሴት፣ በሕንድ ውቅያኖስ ደግሞ በማስካሬን ደሴቶች አካባቢ ከፍተኛ ግፊት ይበረታል። ፀሐይ ባጋላቸው በሰሐራና በዓረቢያ ምድር ግፊቱ ዝቅ ይላል። አየር ከከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው ይነፍሳልና እርጥበቱን ተሸክሞ ወደኛ ይመጣል፤ ደጋውን ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ይዘንባል። አዲስ አበባ ከዓመት ዝናቧ አብዛኛውን የምታገኘው በእነዚህ ወራት ነው። በበጋ ከፍተኛው ግፊት ወደ እስያና ዓረቢያ ስለሚዞር ደረቅ ነፋስ ይደርሰናል።

ይህ ሚዛን ሲናጋ መዘዙ ከባድ ነው። በኤልኒኞ ጊዜ በፓስፊክ ውቅያኖስ ታሂቲ ላይ ግፊቱ ከወትሮው ዝቅ፣ በአውስትራሊያዋ ዳርዊን ላይ ከፍ ይላል፤ የኛም ክረምት አብዛኛውን ጊዜ ይሳሳል። በ2007 ዓ.ም. የደረሰው ይኸው ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ ርዳታ አስፈለገው። ዝናቡ በአንድ ጊዜ ሲወርድም ያው ጉዳት ነው፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ደቻቱን ሞልቶ ድሬዳዋን በሌሊት ሲያጥለቀልቅ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል።

«የትምህርቱ ክፍለ ጊዜ አይበቃም፣ መሣሪያም የለም» የሚል ይኖራል። ነገር ግን በቀን ሁለቴ ባሮሜትር ማንበብ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ባሮሜትር በሌለበት እንኳ አፉ ሰፊ የሆነ ቆርቆሮና ማስመሪያ የዕለቱን ዝናብ ይለካሉ። ካርታ ላይ ከፍተኛና ዝቅተኛ ግፊቶቹን በጠመኔ ምልክት አድርጎ ነፋሱን በቀስት ማሳየትስ ምን ያስወጣል? የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከክረምቱ በፊት የሚያወጣውን ትንበያም ክፍል ውስጥ አንብበን ከመዘገብነው ጋር ማመሳከር እንችላለን።

እጩ መምህራን ሆይ! ነገ የምናስተምራቸው የቦሌና የኮተቤ ልጆች ከሰዓት በኋላ ዶፍ በሚወርድበት ሰዓት ነው ወደ ቤት የሚሄዱት። ከእንጦጦ የሚወርድ ወንዝ ታች ሰማዩ ጠርቶ ሳለም ሊሞላ እንደሚችል ካልነገርናቸው ማን ይነግራቸዋል? ዝናብ ከሩቅ ተነሥቶ እንደሚመጣ የገባው ልጅ የራሱን ሰማይ ብቻ አይቶ ጅረት አይሻገርም፤ ወደ ተራራውም ቀና ብሎ ያያል። የአውሮፓን ወጀብ ለአውሮፓ ትተን፣ ልጆቻችንን የገዛ ክረምታቸውን እናስተምራቸው።