ትንሹ ማብላያና የደኅንነት ስሌቱ

ስለ ኒውክሌር ማብላያ ደኅንነት ሲነሣ የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ቼርኖቢልና ወደ ፉኩሺማ ይሄዳል። ለትምህርትና ለምርምር የሚያገለግሉት ትንንሽ ማብላያዎች ግን «ኃይላቸው አነስተኛ ስለሆነ አያሰጉም» በሚል አባባል ይታለፋሉ። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው።

እውነት የሆነውን ግማሽ እናስቀድም። ጋና እ.ኤ.አ. በ1994፣ ናይጄሪያ በ2004 ሥራ ያስጀመሯቸው ማብላያዎች የሙቀት ኃይል 30 ኪሎዋት ገደማ ነው፤ ይህም ስምንት ወይም ዘጠኝ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣዶች ከሚሰጡት ሙቀት እምብዛም አይበልጥም። ነዳጁን ለማቀዝቀዝ ፓምፕ አያስፈልግም፤ የሞቀው ውኃ ቀልሎ ወደ ላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው ቦታውን ይተካል። ማብላያው በቆመበት ቅጽበት ከነዳጁ መመንጨቱን የሚቀጥለው ሙቀት ከሙሉ ኃይሉ 6 ወይም 7 በመቶ፣ ማለትም 2 ኪሎዋት ያህል ብቻ ነው።

ሌላውን ግማሽ የሚያስታውሰን በአሜሪካ የኢዳሆ ግዛት የደረሰው አደጋ ነው። ኤስ ኤል ዋን የተባለው ወታደራዊ ማብላያ ለምርምር የተሠራ ባይሆንም ትንሽ ነበር፤ የሙቀት ኃይሉ በ3 ሜጋዋት የተወሰነ ነበር። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 ቀን 1961፣ ማብላያው ቆሞ ሳለ፣ አንድ የመቆጣጠሪያ ዘንግ ከሚገባው በላይ በእጅ ተሳበ። በሺህኛ ሴኮንዶች ውስጥ ኃይሉ ወደ 20 ሺህ ሜጋዋት ገደማ ተተኮሰ፤ ውኃው ወደ እንፋሎት ተለወጠ፤ ግዙፉ ጋን ከ2 ሜትር በላይ ወደ ላይ ዘለለ፤ ሦስት ሰዎችም ሞቱ። ስለዚህ ትንሽነት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ነዳጁ የሚያመነጨውን ሙቀት ውኃው በማናቸውም ሁኔታ ሊሸከም መቻሉን የሚያረጋግጠው የሙቀትና የፍሰት ስሌት ነው።

ኢትዮጵያ በ2019 እ.ኤ.አ. ከሩሲያ ጋር በኒውክሌር ኃይል ሰላማዊ አጠቃቀም ላይ የትብብር ስምምነት ተፈራርማለች። የምርምር ማብላያ ለመትከል በሚታሰብበት ጊዜ «ሻጩ የደኅንነት ሰነዱንም አብሮ ያቀርባል» የሚሉ አይጠፉም። በእኔ እምነት ይህ አያዋጣም፤ ስሌቱ ከተተከለበት ቦታ ተነጥሎ አይቆምምና።

ለምሳሌ ያህል የመፍያ ነጥብን እንመልከት። በአዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ በደጋ ንፍሮ ለመብሰል ጊዜ የሚፈጀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከውኃው ገጽ 5 ሜትር ዝቅ ብሎ በተቀመጠ ነዳጅ ዙሪያ ያለው ውኃ በአክራ በ111 ዲግሪ ገደማ፣ በአዲስ አበባ ግን በ106 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በነዳጁ ሽፋን ላይ የእንፋሎት አረፋ መፈጠር የሚጀምርበት ወሰንም በዚያው መጠን ይቀርባል። ለ30 ኪሎዋት ማብላያ ልዩነቱ ኢምንት ሊሆን ይችላል፤ በሜጋዋት ለሚለካና በፓምፕ ለሚቀዘቅዝ ማብላያ ግን ከመጠባበቂያው ላይ የሚቀነስ ነው። የከባቢ አየር ግፊት ባነሰበት ቦታ ፓምፑ ራሱ ውስጡ አረፋ እንዳይፈጠር ተጨማሪ ጥንቃቄ ይሻል።

ኮምፒውተር የተሰጠውን ግፊት ተቀብሎ ያሰላል፤ ቁጥሩ የአክራ ይሁን የአዲስ አበባ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የሠለጠነ ሰው ነው። ይህን ሰው ለማፍራት ደግሞ ማብላያ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የውኃ ጋን፣ የኤሌክትሪክ ማሞቂያና ጥቂት ቴርሞሜትሮች ያሉት ቤተ ሙከራ ለመጀመሪያው ትምህርት ይበቃል። ተማሪዎቻችን ያሰሉትን በገዛ እጃቸው ከለኩት ጋር ያስተያዩ። የሌላውን ሰነድ መርምሮ «ይህ ቁጥር ለእኛ አገር አይሆንም» ለማለት የሚችል ባለሙያ ሳይኖረን የሚተከል ማብላያ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ጊዜው ያልደረሰ ነው።